ያልተመታችው አምስተኛ

ለአንደበት ዜማን፣ ለዝምታም ስፍራን የሰጠ እግዚአብሔር ስሙ ይክበር፤ እርሱ ቢያስታውሰኝ ጥቂት ልናገር።

ልጅ ሳለሁ፣ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በዞረበት ዘመን፣ አባቴ ከአገራችን ከመዘዞ እንጦጦ አምጥቶ ከበሮ እንድማር ለአንድ የአቋቋም መምህር ሰጠኝ። ሲለየኝም «ሁለት ክረምት እታገሥሃለሁ። ከዚያ ለኅዳር ሚካኤል መጥቼ እሰማሃለሁ፤ ካልሆነልህ ተመልሰህ ዕርፍ ትይዛለህ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከከበሮ ሌላ የምወደው አልነበረኝም።

የቸገረኝ አንድ ምት ነበር። በአምስት ይዞራል፤ ሁለቱ በሰፊው አፍ፣ ሁለቱ በጠባቡ ይመታሉ፤ አምስተኛዋ ግን ተቆጥራ ትታለፋለች እንጂ አትመታም። ያችን ባዶ ስፍራ መጠበቅ አልቻልሁም፤ ወይ እመታታለሁ፣ ወይ ዘልያት ከመዘምራኑ እቀድማለሁ። ባልንጀሮቼም «እርሱ መዘዞ ገባ፤ እኛ ገና ደብረ ብርሃን ነን» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

ሲመሽ መምህራችን በጥድ ፍም ዙሪያ አስቀምጠውን የጌታን ሕማም ይተርኩልን ነበር። በአንዲት ጧፍ ብርሃን ከበሮውን እያገላበጡ፣ ሰፊው አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ ሰው የሆነበት የትስብእቱ፣ በዙሪያው የተወጠረው ጠፍርም የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ መሆኑን ሲነግሩን፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰው እናደምጥ ነበር። አንድ ምሽት ከግርፋቱ ሲደርሱ ትረካውን አቋርጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አባትህ በሬ ሲነዳ ጅራፉ መቼ ነው የሚጮኸው?»

«ሲወርድ ነው፣ የኔታ።»

«ሲወጣስ?»

«ሲወጣ ድምፅ የለውም።»

«በሬው ግን ያውቀዋል። አምስተኛዋ ያች ናት።»

ያን ምሽት ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ አምስቱን በጉልበቴ ላይ እየመታሁ ቆጠርሁ። ከዚያ ወዲህ ከዚያች ስፍራ ስደርስ ወደ ላይ የተነሣውን የገራፊ እጅ አየው ነበርና፣ የእኔ እጅ በራሱ ይቆም ጀመር።

የሚካኤል ዕለት አባቴ የሁለት ሰው ስንቅ ቋጥሮ መጣ፤ ይዞኝ ሊመለስ እንዳሰበ ከስንቁ ብዛት ዐወቅሁ። ከበሮውን አንግቤ ከመዘምራኑ መካከል ገባሁ። ማኅሌቱ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ስንወጣ አባቴ መምህሬን እጅ ነሥቶ፣ እኔ የማልሰማ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ፣ ደኅና መትቷል። ግን በየመካከሉ አንዲት እየሳተ መሰለኝ» አላቸው።

መምህሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሣቁ። «አንተ ሰው፣ ሁለት ክረምት ሙሉ የተማረው እኮ እርሷን ነው!»

አባቴ አቁማዳውን ከትከሻው አውርዶ ፈታ። ከዚያም የሁለታችንን ስንቅ በሙሉ ከእግሬ ሥር አኑሮ፣ ባዶ አቁማዳውን በትከሻው ጥሎ ብቻውን የመዘዞን መንገድ ያዘ።

ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሰፊውንም ጠባቡንም እንደ ቀድሞው አልመታም። አምስተኛዋን ግን እስካሁን አልሳትኋትም።

እናንተም የሰማችሁኝ፣ የምትናገሩበትንም ዝም የምትሉበትንም ሰዓት እግዚአብሔር ይባርክላችሁ፤ አሜን።