ፍራሹ ከመኪናው ቀደመ

ባለመርፌዋ ፍራሹን ሰፍታ የጨረሰችው መኪናውን ከመግዛቷ ሁለት ወር ቀደም ብላ ነው። ሰፈሩ በዚህ ብዙ ሳቀ። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ስኖር ያለ ምክንያት መርፌ ስታነሳ አይቻት ስለማላውቅ አልሳቅሁም።

ሥራዋ የመኪና ወንበር መስፋት ነው። ሱቋ ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። አንድ ክፍል ነው። መሃሉን የበር መዝጊያ የሚያህል ጠረጴዛ ይዞታል፤ ጥግ ላይ ሁለት ከባድ የስፌት መኪናዎች ቆመዋል፤ ከጣሪያው ሥር የስፖንጅ ቁራጭ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ቁመቱ የረዘመ ደንበኛ ሲገባ ራሱን ስፖንጁ ይመታዋል፣ እሷም ቀና ሳትል «ጎንበስ በል» ትለዋለች። መስኮቱ ከከተማው የሚወጣውን አውራ መንገድ ያሳያል። ባሏ ሲሞት አንድ ልጇ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ ልጇን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች።

ሾፌሮቹ ወንበራቸው እስኪሰፋ ድረስ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ስለ መንገዱ ያወሩላት ነበር። ከድልድዩ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የሆነ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ወዲያ ነጭ አሸዋ አለ፤ በመጨረሻም መንገዱ ዝቅ እያለ ሄዶ ባሕር ዳር ላይ ያልቃል ይሏታል። እሷ በከንፈሯ መርፌ ይዛ ታዳምጣለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በአርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሰፋችውን ወንበር ራሷ ነድታ ሳትሞክረው ለባለቤቱ አታስረክብም። ነገር ግን ሙከራዋ እስከ ነዳጅ ማደያው ደርሶ መመለስ ብቻ ነበር። መንገዱ ከማደያው ወዲያ ምን እንደሚመስል በዓይኗ አላየችም።

ስድሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሦስት ቦታ የሚታጠፍ፣ ሸራ የለበሰ ፍራሽ ሰፋች። ልጇ ሊጠይቃት መጥቶ ጠረጴዛው ሥር አገኘው። ኢንሹራንስ ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላት፣ በጫማው ጫፍ ነካ እያደረገው።

«ፍራሽ ነው። እግርህን አንሳ።»

«የት ሊነጠፍ?»

«ፒክአፕ ላይ። ከኋላው።»

«የማን ፒክአፕ?»

«የኔ።»

«የታለ?»

«ገና አልገዛሁትም።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎን ትሰማለች። አንድ ነገር ይበሏት እንጂ።»

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አልኩ። ስለ ፍራሹ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ልጁ ተቀመጠ። ጎማ ቢፈነዳ ምን ታደርጊያለሽ፣ ራዲያተር ቢያፈስ ማን ይደርስልሻል እያለ አንድ በአንድ ጠየቃት። «በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው የተገለበጠ መኪና ፎቶ ነው» አላት።

«ያልተገለበጡት አንተ ቢሮ ምን ይሠራሉ?» አለችው።

በራሱ ቤት ከኋላ በኩል አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ አዘጋጅቶላት ነበር። ለሱቁም ሞባይል የሚሸጥ ተከራይ አግኝቷል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እናቱን ይወዳል። ነገር ግን የሚወዱትን ሰው ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት የቀለለው ይመስለኛል። በመጨረሻ ማለት ያልነበረበትን አለ።

«ወንበር ማወቅ መኪና ማወቅ አይደለም፣ እማ። ደላሎቹ በአንድ ጠዋት ነው የሚጫወቱብሽ።»

ባለመርፌዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያም የሱቁን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቅዳሜ መኪና ልገዛ ነው። መካኒክህን ይዘህ ና። የማይረባ መኪና ከገዛሁ ይህን ቁልፍ ትወስዳለህ። ያዘጋጀኸው ክፍል ገብቼ እቀመጣለሁ፣ መንገድ የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም።»

«ደህናውን ከገዛሽስ?»

«አፍህን ትዘጋለህ። ጋሼ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነን ሄድን። መካኒኩ ጆሮ ይባላል። ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ስለሚያዘም ያወጡለት ስም ነው። የመኪና መሸጫው በቆርቆሮ የታጠረ ጠጠር ሜዳ ሲሆን ደላላው በር ላይ ተቀበለን። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቷል። በቀጥታ ወደ ልጇ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

«ገዢዋ እኔ ነኝ» አለችው።

«ይቅርታ እናቴ። ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት? ለእህል? ለብሎኬት?»

«ልሄድበት ነው።»

«ወዴት?»

«መንገዱ እስከሚያልቅ።»

ደላላው ልጇን አየው፤ ልጇ ጠጠሩን አየ።

የመጀመሪያው ነጭ ደብል ጋቢና ነበር፤ ከማንጸባረቁ የተነሳ ፊታችንን አየንበት። ጆሮ ሞተሩን አስነስቶ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ይዘፍናል» አለ። ልጇም ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ባለመርፌዋ ግን ኮፈኑ አጠገብ አልደረሰችም። የሾፌሩን በር ከፍታ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች። የወንበሩን ልብስ ከሥር ከያዘው ሽቦ አላቀቀችና እጇን እስከ ክርኗ ወደ ስፖንጁ ሰደደች። ያወጣችውንም አሸተተች።

«ማዘር፣ መኪናው አይሸትም፣ አዲስ ነው» አለ ደላላው።

«ና ንካ። ሞላው እስከዚህ ድረስ ዝጓል፣ ከዚህ በላይ ንጹሕ ነው። ስፖንጁ ውስጥ ደግሞ ደለል አለ። ይህ መኪና እስከ ወንበሩ ውኃ ውስጥ ቆሟል።»

ጆሮ እጁን ሰድዶ ነካውና ደለሉን በሱሪው ጠረገ። ደላላው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

ሁለተኛው ግራጫ ነበር። አሁንም ተንበረከከች። ቆይታ ስትነሳ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ከተማ ለከተማ የሚሠራ መኪና፣ ሾፌሩ በቀን ሃምሳ ጊዜ ስለሚወርድ ስለሚወጣ፣ ወንበሩ በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ይበላል አለችን። የዚህ ጠርዝ ደህና ነው፤ የሰመጠው መሃሉ ነው። ሾፌሩ ሳይወርድ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ነበር ማለት ነው።

«ሄዶ የተመለሰ መኪና ነው። እኔ የምፈልገው መሄድ የሚያውቅ ነው» አለች።

ጆሮ ሞተሩን ሰማ፣ ፍሬኑን ሞከረ፣ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «እኔም አልጠላሁትም፣ እትዬ» አለ። ልጁ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ደላላው ሊብሬውን አምጥቶ ሰጠኝ፤ አንብቦ ማረጋገጥ የእኔ ድርሻ ነበር። የሞተሩን ቁጥርና የሻንሲውን ቁጥር እያየሁ ሳለሁ እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መሪውን ይዛለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ለመነሳት ስትል እንደ ልማዷ ጣቷን በወንበሩ የፊት ጠርዝ ሥር አሳለፈች። እጇ እዚያው ቀረ።

እጇ ሲቆም ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጇ ሲጋራ ሊገዛ ወደ በሩ ሄዷል፤ ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ዝም ብላ ብትገዛው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። መካኒኩ አሳልፎታል፣ እኔም ምስክሩ ወረቀቱን ይዣለሁ፣ ቁልፉም ተመልሶ አንገቷ ላይ ነበር።

«ልጄን ጥሩልኝ» አለች።

መጣ። እሷም ከመኪናው ወርዳ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ተሳስቻለሁ» አለችው። «ይህ ወንበር የዚህ መኪና አይደለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«የሰፋሁት እኔ ነኛ። ስፌት ስጨርስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ ቋጠሮውን ወደ ጎን ነው የምስበው። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች መኪና ነበር፣ አረንጓዴ። ሾፌሩን ዳሌውን ያመው ስለነበር በስተግራ ስፖንጁን ከፍ አድርጌለታለሁ። እዚሁ አለልህ፣ ንካው።»

ልጇ አልነካም። ጆሮ ነካ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ወንበሩ የታሰረበትን ብሎን አየ፤ አናቱ በመፍቻ ተፍቆ ያብረቀርቃል። ፊቱ ቀላ። ሳይጠየቅ ካርቶን አንጥፎ መኪናው ሥር ገባ። ብዙ ሳይቆይ ድምፁ ከሥር መጣ።

«ሻንሲው፣ ዋናው አጥንቱ፣ ተበይዷል። በቀለም ሸፍነውታል። አላየሁትም ነበር።»

«እኔም እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ እናቴ፣ በእውነት» አለ ደላላው።

ልጁ እጁን ዘረጋ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «በቃ፣ እማ። ራስሽ ተሳስቻለሁ ብለሻል። ቁልፉን ስጪኝና ወደ ቤት እንሂድ።»

«ምን ነበር ያልኩህ? ከገዛሁ አልኩ። ገዛሁ?»

«ልትገዢው ነበር።»

«ልገዛው ነበር። ማን አስቆመኝ? አንተ ነህ? መካኒክህ ነው? የገዛ እጄ ነው ያሳሳተኝ፣ የገዛ እጄ ነው ያስቆመኝ። የተሳሳተ ሁሉ ቁልፍ የሚያስረክብ ቢሆን አንተ ቢሮ ማን ይገባ ነበር?»

ጆሮ ከመኪናው ሥር ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። ባለመርፌዋ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች።

«ያ የማን ነው?» አለች።

ከአጥሩ ሥር አንድ አሮጌ ፒክአፕ ቆሟል። ጣሪያው ፀሐይ ልጦት ቡራቡሬ ሆኗል፤ የጥበቃው ካልሲና ሸሚዝ ጎኑ ላይ ተሰጥቷል።

«እሱ እንኳ ለእርስዎ አይሆንም» አለ ደላላው። «ሰው የሚጠይቀው አጥቶ ዓመት ሆነው። ማስታወቂያም አላወጣሁለት።»

«ልብሱን አንሱልኝ።»

ወንበሩ ተቀዳዶ ስፖንጁ ወጥቷል። ስፌቱ የፋብሪካ ነበር፤ መርፌ ዳግመኛ አልነካውም። ብሎኖቹን በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ አፈር ጠጥተው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል፣ መፍቻ አያውቃቸውም። ሞላው አልዛገም። ከዚያ ከስፖንጁ እጥፋት ውስጥ በጥፍሯ አቧራ ፋቀችና መዳፏ ላይ አድርጋ ለልጇ አሳየችው። በአንድ በኩል ጥቁር፣ በሌላ በኩል ነጭና ደቃቅ ነበር።

«ሾፌሮቹ ሲነግሩኝ የኖሩት ነው» አለችው። «ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ አሸዋ። እዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ አፈር አይተሃል?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ መዳፏን አየ።

«በዓይኔ ባላየሁት ግን ዳግመኛ አልምልም» አለችና ወደ መካኒኩ ዞረች። «አንተ ጆሮ፣ አሁን ጆሮህን ተወውና ዓይንህን አምጣ። ሥሩ ግባ። እስክትጠግብ እይ፣ እኛ እንቆያለን።»

አንድ ሰዓት ያህል ሥሩ ቆየ። እኛ በቆርቆሮው ጥላ ቆመን ጠበቅን። ሲወጣ ፀጉሩ ሳይቀር ዘይት ሆኗል። ሻንሲው ሙሉ ነው አለ። ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ይቀየራል። ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ተሰብሯል፣ እሱም ይቀየራል። ሞተሩ ዘይት ያልባል እንጂ ጤነኛ ነው።

«ሰው ያደርሳል?» አላት ልጇ። ጥያቄው ለመካኒኩ መሆን ነበረበት፣ ግን እሷን ነው የጠየቀው።

«እኔን ያደርሳል» አለች።

ገዛችው። ፍሪሲዮኑ እስኪቀየር ወንበሩን አውጥታ በገዛ ጠረጴዛዋ ላይ አዲስ አለበሰችው። ከኋላው ሸራ ወጠረች፣ ሁለት ትርፍ ጎማና የውኃ በርሜል አሰረች። ፍራሹን ስናነጥፈው ግን በአንድ ስንዝር ረዘመ። ሠላሳ አራት ዓመት የለካ እጅ አንድ ስንዝር ስቶ ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ይሳቁ ጋሼ፣ ይሳቁ» አለችኝ። እዚያው መኪናው ላይ ተቀምጣ ስፌቱን ተረተረች፣ ስፖንጁን በቢላ ቆረጠች፣ መልሳ ሰፋችው። ስትጨርስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችና ቋጠሮውን ወደ ጎን ሳበች።

የሄደችበት ቀን ልጇ ከሥራ ቀርቶ መጣ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና አንድ አዲስ ክሪክ ይዞላት ነበር፤ ተቀብላ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠች። ሞተሩን አስነስታ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች፣ በመስኮቱም ዘረጋችለት።

«ያላሸነፍኩትን?» አለ ልጁ።

«ስላሸነፍከኝ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን መስኮቱን ክፈት፣ ስፖንጁ ሻጋታ እንዳይዝ። ያንን ሞባይል ሻጭ ካስገባህ ግን ከባሕሩ ዳር ተመልሼ እመጣልሃለሁ።»

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ማን ያውቃል። እስከ ማደያው ደርሼ የመመለስ ልማድ ብቻ ነው ያለኝ፣ መጀመሪያ እሱን ልተው።»

ማርሹን አስገባች። ልጇና እኔ መሃል መንገድ ላይ ቆመን አየናት። ማደያው ጋ ስትደርስ ከልማድ የተነሳ የፍሬን መብራቱ በራ። ከዚያ ጠፋ፣ መኪናውም አለፈ።