ለዩኒቨርሲቲ ብዬ አልሞትም!

ዛሬ ሰመራ ላይ በቁሜ ሊገድሉኝ ነበር!

ልጄ ሐያት ከብዙ አመልካች ጥቂቱን ብቻ ለሚመርጥ ዩኒቨርሲቲ ልታመለክት ኮምፒውተር ቤት ገባን። ባለቤቱ ስለ ራሷ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የጻፈችውን አየና «አባቴ ሞቷል በይበት፤ የሚያሳዝን ታሪክ ይወዳሉ» አላት።

«አባትየው እኔ ነኝ!» አልኩት።

«ጋሼ፣ ለወረቀት ያህል ነው እኮ!»

«ዕድሜዬን አላህ ነው የሚቆርጠው፤ አንተ ማነህ?»

ሐያት ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አባዬ፣ የአማርኛውን አንብብለት» አለችኝ። የማታ ትምህርት ገና መጨረሴ ነው። ግን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «አባቴ ጎማ ጠጋኝ ነው። ፊደል ሲቆጥር ማታ ማታ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ማስተማር የወደድኩት ያኔ ነው።»

ማንም ሳይጠይቀኝ ደግሜ አነበብኩት። ከጽሑፉ ውበት ብዛት ነው!

አባቷ በሕይወት እንዳለ ማመልከቻው ተላከ። ካልተቀበሏት የቀረባቸው እነሱ ናቸው።

እናንተስ፣ ለልጃችሁ ስትሉ «ሙት» የተባላችሁ አላችሁ?