ዝተት የለበሰችው መኪና

ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ዝገት መጻፍ ይገባ እንደሆነ አሁንም እጠራጠራለሁ። መኪናዋ የአባቴ ናት። የከተማችን የመሐል ሜዳ ውርጭ እንዳይጎዳት ብላ እናቴ የበግ ፀጉር ፈትላ ወፍራም ዝተት አሠራችላት፤ ማታ ማታም ታለብሳት ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ማልበሱን አባቴ ቀጠለ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለገና ስመለስ ጣሪያዋ ዝጎ አገኘሁት። ከአባቴ ጋር ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፤ የተበሳውን በስቱኮ ደፍነን ቀለም ቀባናት። ጎረቤታችን መካኒኩ ሊያይልን መጥቶ ዝተቱን ዳሰሰና ሳቀ።

"ጋሼ፣ መኪናዋን በግ አደረጓት እንዴ? ይሄ እኮ እርጥበት ይዞ ያድራል። የሚበላት እሱ ነው።"

አባቴ አልሳቀም። "እንዳይበርዳት ብላ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

መካኒኩ ነገሩ ገብቶት አቀረቀረ። ቀለሙ እንደደረቀ አባቴ ዝተቱን አነሳ፤ እኔም እውነቱን እያወቅኩ አንዱን ጫፍ ይዤ አለበስናት።

ወደ ትምህርቴ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ደወለልኝ። ቀለሙ እንደገና አብጦ መላጥ ጀምሯል።

"ዛሬ ሳላለብሳት ልተኛ ነው" አለኝ።

ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት፣ የምሕረት ቃል ኪዳን ቀን ነበር፣ የካቲት 16።