ጓሮዬ ያበቀለው ጓያ

መጀመሪያ የተሰማኝ ባቴ ላይ ነው። ጧት ከመደብ ስነሳ ሁለቱም ባቶቼ ተኮማተሩ። ሣር ሳጭድ ስለዋልሁ ነው ብዬ አሸት አሸት አድርጌ ተውሁት። በሌላ ቀን ጓሮዬ ውስጥ ጉልበቴ ከዳኝ። ወደቅሁ። ሕመም የለውም። ልነሳ ብል እግሮቼ ደርቀው ተቆላለፉ። በሬ ጠምጄ የማርስ ጎረምሳ ነበርሁ፤ ክው አልሁ።

በዚያ ዓመት ጎርፉ የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቆ ጤፋችንን ወስዶት ነበር። ውኃው ሲሸሽ ወረታ ዳር ባለው ጓሮዬ ጓያ ዘራሁ፤ ጓያ ዝናብ አይለምንም። ሰማያዊ አበባውን ንብ ሲወረው እያየሁ ጎበዝ ገበሬ ነኝ እል ነበር። ከዚያ በኋላ ቂጣውም፣ ንፍሮውም፣ ሽሮውም ጓያ ሆነ።

ጓያ እግር እንደሚይዝ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴም፣ «እንፋሎቱ ነው የሚይዝ፤ ሲቀቀል ውጡ» ትለን ነበር። ስለዚህ ድስቱ ሲፈላ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታከለ ውጭ እንቆማለን። ሲበርድ ገብተን እንበላለን። ባለቤቴ ጥሩዬ ቀቅላ ታቀርብና ከእኛ የተረፈውን ትቀምሳለች።

ጥሩዬ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ። እግሬ ተወረወረ።

«ጓያ ትበላለህ?»

«እበላለሁ፤ ግን እንፋሎቱን እሸሻለሁ።»

«ማን ነው የሚቀቅለው?»

«እሷ ናት።»

ሐኪሙ ጥሩዬን ከላይ እስከ ታች አያት። «እግሯን አሟታል?»

እኔም ዞር ብዬ አየኋት። ከድስቱ ሥር የማትጠፋው እሷ፣ በደህና እግሯ ቆማለች።

«ላቲሪዝም ይባላል» አለ። «መርዙ እህሉ ውስጥ ነው። እግርህ እንደ ድሮው አይሆንም፤ መብላቱን ብትተው ግን ይበልጥ እንዳይጎዳህ ይረዳል። ቤት የቀረ የሚበላ አለ?»

ጥሩዬ ጮኸች። «ታከለ! ባቴን ያዘኝ ሲል ነው የሰነበተ!»

እኔን እዚያው ትታ ባገኘችው መኪና ተመለሰች። ስትደርስ ታከለ ሊበላ ቀርቦ ነበር፤ ገበታውን ከፊቱ አነሳችው። በማግሥቱ ሐሙሲት ከተማ የሚኖር አባቷ ዘንድ ሄዳ ማሽላ አስጭና መጣች።

እኔ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ከወራት በኋላ በሁለት ምርኩዝ፣ ቀጥሎም በአንድ መቆም ጀመርሁ፤ ጓሮው ውስጥ እየተቀመጥሁ፣ እየተንፏቀቅሁ፣ ጥሩዬ በቆፈረችው መደብ ላይ ጎመን፣ ዱባ፣ ድንብላልና ኑግ ዘራሁ። ኑጉ ሲያብብ ንቡ እንደ በፊቱ መጣ፤ እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጥሩዬም ትመስገን። አንተ ይህን የምትሰማ፣ ባትህ የሚኮማተር ወንድሜ፣ እንፋሎቱን ተወው፤ ሳህኑን ፍራ። ዛሬውኑ አቁም፤ ሐኪም ቤትም ሂድ። እኔ ይኸው ከአልጋዬ እስከ በሩ ድረስ እንኳ ያለ ምርኩዝ አልዘልቅም። ታከለ ግን ያን ቀን አቆመ፤ ዛሬም ያርሳል።