ያልወጣው ምርቃት

ፋንታዬ ክርክር አትወድም። አስራ አራት ዓመት ዋሽንግተን ግዛት፣ ኖርዝጌት አካባቢ አቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ስታጥብና ስታበላ ኖራ የተማረችው፣ የታመመ ሰው ሲቆጣ ዝም ማለትን ነው። ባሏ ሳህሌ ግን ሌላ ሰው ነው። በሥራ ቀን የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ እሁድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው። ቃሉን በምዕራፍና በቁጥር ይዞ ከተነሳ የሚመክተው የለም። የዋሽንግተን ሕዝብ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ላይ ድምፅ በሰጠበት ዓመት የተቃውሞውን ወረቀት ወደ አማርኛ መልሶ በየቤቱ ያዞረ እሱ ነበር። ወረቀቱን እያጠፈች ፖስታ ውስጥ የከተተችለት ደግሞ አንድ ልጃቸው ቢታንያ ናት። ያኔ አስራ አራት ዓመቷ ነበር።

አሁን ሃያ ሰባት ሞላት፤ ታኮማ ሆስፒታል ላብራቶሪ ትሠራለች። ባለፈው ግንቦት አንድ እሁድ ኬንት፣ ወላጆቿ ቤት መጥታ ምሳ ላይ ሳሉ፣ «ላገባ ነው» አለች። «ኤልሳቤጥን።»

ኤልሳቤጥን ያውቋታል። በልጅነቷ ከአገር ቤት መጥታ፣ ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር ያደገች፣ አማርኛዋ የተሰባበረ ልጅ ናት። የቢታንያ የቤት ተጋሪ ተብላ ስንቴ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በልታለች።

ሳህሌ አልጮኸም። «ጋብቻን መንግሥት አልፈጠረውም» አለ። «ያልፈጠረውን ሊቀይር አይችልም። ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው ይላል፤ እኔ የጻፍኩት አይደለም።»

«ዳዲ፣ ቸርች ይዳረኝ አላልኩም። የምፈልገው የካውንቲው ጽሕፈት ቤት የሚሰጠውን ወረቀት ነው። ብታመም እሷ እንድትወስንልኝ፣ ብሞት ቤቱ ለእሷ እንዲሆን። እምነትህ የአንተ ነው፤ ሕጉ ግን የሙስሊሙም፣ ምንም የማያምነውም ነው። አንተስ ሳትፈራ የምታመልከው በዚሁ ሕግ አይደል?»

«ሕግ የፈቀደው ሁሉ ልክ ነው? መጠጥም ይፈቅዳል።»

«ልክ ነው በል አላልኩህም። አትከልክለኝ ነው ያልኩህ።»

«ልጅስ? ልጅ አባትና እናት አያስፈልገውም?»

«ኤልሲ አባትም እናትም አልነበራትም። ያኔ ይህን የሚል ሰው የት ነበር?» ወደ እናቷ ዞረች። «ማሚን በአስራ ሰባት ዓመቷ ሲድሯት የጠየቃት አለ? እሱንም በቃሉ ነው የባረኩት።»

«እኔን የክርክራችሁ ማስረጃ አታድርጉኝ» አለች ፋንታዬ፤ ሳህኖቹንም አነሳች።

ሳህሌ ሲናገር በልቧ እውነቱን ነው ትላለች፤ እሷም የምታምነው ያንኑ ነው። ቢታንያ ስትናገር ደግሞ እሷም እውነቷን ነው ትላለች። ያስፈራት ሁለቱም አለመሸነፋቸው ነው። የተሸነፈ ሰው ቢያንስ ይታረቃል።

ሠርጉ ሰኔ ውስጥ፣ ታኮማ ባሕሩ ዳር ባለ መናፈሻ እንዲሆን ተቆረጠ። ፋንታዬ እሄዳለሁ ስትል ሳህሌ፣ «ሄደሽ ከቆምሽ ምስክር ሆንሽ ማለት ነው» አላት።

«እናት ነኝ» አለችው።

የሠርጉ ዕለት ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ የኬንት ባቡር ስለማይሠራ በአውቶቡስ ሄደች። የደስታ ልብስ እንዳይመስልባት የሥራ ቀን ቀሚሷን ለበሰች። አርባ የሚሆን ሰው ነበር፤ ሐበሻም አልጠፋ። ፊርማው ካለቀ በኋላ ኤልሳቤጥ በነጭ ልብሷ መጣችና ሣሩ ላይ ተንበርክካ የፋንታዬን ጉልበት ሳመች። ስንት ቀን እንደተለማመደችው በሚያስታውቅ አማርኛ፣ «እማማ፣ ይመርቁን» አለች።

ፋንታዬ የማታውቀው የምርቃት ዓይነት የለም። በሰው ሠርግ ሁሉ ቀድማ የምታወርድ ሴት ናት። እጇን የልጅቷ ራስ ላይ አደረገች። ምርቃቱ ግን አልወጣም። ምርቃቱ የእሷ ቢሆን በሰጠቻቸው ነበር። የምትጠራው ግን የእግዚአብሔርን ስም ነው፤ እሱ አልወደደውም ብላ በምታምነው ነገር ላይ ስሙን ብትጠራ ውሸት ይሆንባታል። ሰዉ ይጠብቃል። በመጨረሻ የወጣላት፣ «ደህና ሁኑ» የሚል ብቻ ነበር።

ቢታንያ ወደ ዛፎቹ ወሰደቻት። «ደህና ሁኑ ለታክሲ ሹፌር ነው የሚባለው፣ ማሚ። ካልቻልሽ ለምን መጣሽ?»

«ልይሽ ብዬ።»

«ኦኬ፣ አየሽኝ» አለች፤ ወደ እንግዶቹም ተመለሰች።

አንዱ እንግዳ የሠርጉን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ እሴይ ቤታቸው መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ቃል ሲመርጥ ላብ አጠመቀው። «እህት ፋንታዬ፣ ፍርድ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። የሽማግሌ ቤት ለመንጋው ምሳሌ መሆን አለበት።»

«አልመረቅኳቸውም» አለች ፋንታዬ። «ለምነውኝ እንኳ አልመረቅኩም፤ ልጄን ይጠይቋት።»

ይህን ስትል ራሷን ጠላች። ልጇን ያቆሰለችበትን ዝምታ መከላከያ አደረገችው። ያም አልረዳትም። «ፎቶው ላይ ግን እጅዎ ራሷ ላይ ነው» አለ መጋቢው፣ አንገቱን ደፍቶ። ሳህሌ ከሽማግሌነቱ ታገደ።

ሳህሌ አልወቀሳትም፤ ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ቤት ሲመለሱ እሱ ቴሌቪዥን ይከፍታል። የልጁን ስም አይጠራም። ቢታንያም ስልክ አታነሳም። ለእናቷ ረጅም መልእክት የምትመልሰው አንድ ቃል ነው።

ኅዳር ውስጥ ፋንታዬ ቢታንያ የምትወደውን ምስር ወጥና ጎመን ሠርታ ታኮማ፣ እነ ቢታንያ ቤት ወረደች። በሩን ኤልሳቤጥ ከፈተች።

«ቢቲ የለችም እማማ። ሥራ ናት።»

የቢታንያ መኪና ግን በሩ ፊት ፓርክ ተደርጓል። ፋንታዬ መኪናውን አየች፤ ኤልሳቤጥም ማየቷን አይታ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። የወጡን ዕቃ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ግቢ አላለቻትም።

«ሰላም በይልኝ» አለች ፋንታዬ።

«እሺ እማማ» አለች ልጅቷ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።