መምህርት ዘሃራ እና «አብሽሩ» የሚለው ፕሮግራሟ

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። የዘሃራ ወንድም መርዶውን ለሌላ ሰው ሊነግር ፈልጎ በስህተት እኔ ጋ የደወለ መሰለኝ።

«አዎ፣ ዘሃራ ናት» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት፣ ደሴ ሆስፒታል። ኩላሊቷ እምቢ አለ።»

ትናንት እኮ አውርተናል! ድምጿ ደከም ይል ነበር እንጂ የምትሞት ሰው ድምፅ አልነበረም። ወይ እኔ የምትሞት ሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ለማታውቋት፣ ዘሃራ እዚህ መካነ ሰላም የኮምፒውተር መምህርት ነበረች። አባቷ ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ንባቡን የሚያስተምሩ ሼህ ናቸው። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ማውሱን ፈራ ተባ እያለ የሚይዝ መምህር ስታይ «አብሽር፣ አይነክስህም» ትል ነበር፤ አይዞህ ማለቷ ነው። ለእኔም ብላኛለች።

ከዓመታት በፊት ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር በእርዳታ መጣለት። ስንከፍተው መጻፊያ ፕሮግራም እንኳ የለውም። ገበያ ላይ የሚሸጠው የተሰረቀ ሲዲ ደግሞ ከነቫይረሱ ነው፤ ያዘጋጀነውን ፈተና ሁሉ በላብን።

«በነፃ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉኮ» አለች ዘሃራ። «ሠሪዎቹ ራሳቸው ውሰዱ፣ አባዙ፣ አስተካክሉ ብለው የለቀቋቸው።»

ችግሩ ኢንተርኔት አልነበረንም። ደሴ ድረስ ሄዳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ አውርዳ ትመጣለች። እዚህ ስትጭነው «የጎደለ ፋይል አለ» ይላታል። የጎደለውን ፍለጋ ተመልሳ ደሴ። እሱ ሲገኝ ደግሞ እሱም በተራው ሌላ ይፈልጋል። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ወርዳ አቧራዋን ሳታራግፍ ኮምፒውተር ክፍል ገባች። ሞከረችው። እምቢ አለ። ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች።

ከዚያ ቀና ብላ «ወላሂ፣ እኔ ያየሁትን ፍዳ ሌላ መምህር አያይም» አለች።

ፕሮግራሙን፣ የሚጎድለውን ሁሉ፣ የአማርኛ ፊደሉንና መተየቢያውን ጠቅልላ አንድ ፋይል አደረገችው። ሁለቴ ጠቅ ታደርጋለህ፣ «ቀጥል» የሚለውን ትጫናለህ፣ በቃ። ለዚያች «በቃ» ክረምቷን ሙሉ ሰጠች። ሰው ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ እሷ ከዚያ ክፍል አትወጣም ነበር።

መልእክቱን ሁሉ በአማርኛ ጻፈችው፣ ያውም በኛ አማርኛ። ሲጭን መሃል ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም የሚል ቦታ ነበረው፤ ሰው ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። እዚያ ላይ «አብሽሩ፣ እየሠራሁ ነው» ብላ ጻፈችበት። ርዕሰ መምህራችን «የመንግሥት ኮምፒውተር ላይ አብሽሩ ይባላል እንዴ?» አሏት። «ጋሼ፣ የፈራ ሰው የሚያጽናናው ይፈልጋል» አለቻቸው። እንዳለ ቀረ። በፍላሽ እየተገለበጠ በአካባቢው ወዳሉ ከተሞች ሄደ፤ ደጎሎ ደረሰ፣ አጅባር ደረሰ፣ ወግዲ ደረሰ።

ወግዲ ላይ ጋሽ ጌታሁን የሚባሉ ዓይነ ስውር የሥነ ዜጋ መምህር አሉ። አንዴ ለስብሰባ መጥተው «ልጄ፣ ይኸ ያንቺ ነገር ለኔ ቢጤው ምን ያደርጋል?» አሏት። ስብሰባው እስኪያልቅ ቀና አላለችም።

ከወራት በኋላ ጽሑፍ እያነበበ የሚናገር ነፃ ፕሮግራም አገኘች። አማርኛም ይሞካክራል። እሱንም ጠቀለለችው፤ ገና መጫን ሲጀምር ጀምሮ እንዲናገር አድርጋ። «ሌላ ሰው እንዲጭንላቸው አልፈልግም። ራሳቸው ይጫኑት» አለችኝ።

አብሬያት ወግዲ ሄድኩ። ጋሽ ጌታሁን ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ማሽኑ ጉንፋን በያዘው ድምፅ «አብሽሩ» ሲል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ተጭኖ ሲያልቅ ማዳመጫ ሰካችላቸው። ቁልፎቹን እየዳሰሱ አንድ የፈተና ጥያቄ ጻፉና አስነበቡት። አንድ ቃል ገድፈው ኖሯል፤ አስተካክለው እንደገና አዳመጡ።

«ዘሃራ» አሉ ማዳመጫውን ሳያወልቁ፣ «እስከ ዛሬ እኔ ያወጣሁት ፈተና ሌላ ሰው ሳይሰማው ተጽፎ አያውቅም። ይኸን ጥያቄ ከፈጣሪና ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም።»

ዘሃራ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሕመሙ ከዚያ በኋላ መጣ። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጣል፤ «ድካም ነው» ትለናለች። ኩላሊት መሆኑ ሲታወቅ ዘግይቶ ነበር።

ትናንት የደወለችልኝ ስለ ሕመሟ አይደለም። ወግዲ አዲስ ኮምፒውተር ገብቶ፣ ጋሽ ጌታሁን ፕሮግራሙ እዚያ ላይ መሃል ላይ እየቆመ እምቢ አለኝ ብለዋት ኖሯል። «አፈር ስሆን፣ እናንተ ጋ ባለው አዲሱ ላይ ሞክርልኝ» አለች። ሞከርኩት። ቆመ። መልሼ ደውዬ ነገርኳት።

«እሺ፣ ስመጣ አየዋለሁ። አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳይጥሉባቸው ለጋሽ ጌታሁን ንገርልኝ» አለች።

ነገርኳቸው። ዛሬ ደግሞ ደውዬ ሌላውን ነገርኳቸው። ማን ያስተካክለዋል ብለው አልጠየቁኝም። «እናቷ እንዴት ሆኑ?» ነው ያሉኝ።

ዘሃራ፣

ፋይሎችሽን ከፍቼ አየኋቸው። አልገባኝም። ከኛ መሃል የሚገባው ሰው ያለም አይመስለኝም፤ እንቀጥለዋለን ብዬ አልዋሽሽም።

አባትሽ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው በመጣ ቁጥር ይነሳሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። ቀብርሽን ስንቆፍር አርፍደን አሁን ገና መመለሳችን ነው፤ እጄን አልታጠብኩም።

ከደሴ አንቺን የያዘው መኪና አቀስታን አለፈ ብለው ደወሉ። ልንቀበልሽ ልንወጣ ነው።

አላህ ጀነቱን ይወፍቅሽ፣ እህቴ። ደህና ግቢ።