እናቴና የሳሞአዋ ሴት ጎደሬ ሲመርጡ

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴን ይዤ ፌደራል ዌይ በምትባለው የምኖርባት ከተማ ወዳለ አንድ የኤዥያ ግሮሰሪ ሄድኩ። እማዬ ከወላይታ ከመጣች ሦስተኛ ወሯ ነው። «እዚህም ጎደሬ አለ» ስላት አላመነችኝም... ሶ በዓይኗ ትየው ብዬ ነው።

ፓርክ አድርገን ገባን። ክምሩን ስታይ «ኧረ የኛው ነው!» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበችና እያገላበጠች መምረጥ ጀመረች።

አንዱን ብድግ ስታደርግ አጠገቧ የነበሩ፣ አበባ ያለበት ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ትልቅ ሴት ከእጇ ወሰዱባት። እኔ ደነገጥኩ። ሴትየዋ ግን ጎደሬውን ገልብጠው ታችኛውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት... ስርጉድ አለ። በስብሷል። ከሥር ፈልገው ጠንካራውን አውጥተው ሰጧት።

እማዬም ዝም አላለችም፤ ከሳቸው ጋሪ ሁለት የማይረቡ አውጥታ ወደ ክምሩ መለሰችባቸው። ሴትየዋ በሳቅ ሞቱ።

«ከየት ናት?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ከኢትዮጵያ። እናቴ ናት። እኛም አገር ይበቅላል።»

እሳቸው ከሳሞአ ናቸው። በደሴታቸው ሥሩን በጋለ ድንጋይ ያበስሉታል፤ ቅጠሉን በኮኮናት ወተት። «አባቴ የባሌን የጎደሬ እርሻ ሄዶ ሳያይ አልዳረኝም» አሉኝ። በኋላ በሽታ ገብቶ ቅጠሉን ጨረሰው፤ ልጆቻቸው ወደዚህ አመጧቸው። ባላቸው የሞቱት እዚሁ ነው።

ይህን ላስተረጉምላት ዞር ስል... እማዬ እኔን መች ፈለገችና! ሴትየዋ አናቱን ከነአገዳው ቆርጠው እንዴት እንደሚተክሉት በእጃቸው እያሳዩዋት ነው። እሷ በወላይትኛ «እንደዚያ ነው! ግን ጠለቅ!» ትላለች፤ እሳቸው በሳሞአ ቋንቋ ይመልሳሉ። ኦኬ ብዬ ጋሪዬን ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ።

ከዚያ የእማዬ ድምፅ ወረደ።

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሩ መሄድ አልቻልኩም። በስልክ የነገሩኝ «ተኝቶ ነው ያረፈው» ብቻ ነበር። ስጠይቃት ሁሌ ወሬ ትቀይራለች። አሁን ግን የሴትየዋን ክንድ ይዛ፣ እኔ ከኋላ መኖሬን ረስታ...

«ጠዋት ጎደሬ ሊቆፍር ወጣ» አለቻቸው። «ቁርሱን ይዤ ስሄድ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ደክሞት መሰለኝ። ይረፍ ብዬ እኔው ቆፈርኩ። አንድ መደብ ሙሉ... እያወራሁት እኮ ነው፣ እህቴ! ስለ በሬው፣ ስለ ልጆቹ። ስጨርስ ‹ተነስ እንሂድ› አልኩት።»



ሴትየዋ አንድም ቃል አልገባቸውም። የያዙትን ጎደሬ አስቀመጡና አፈር የነካ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰው እየዞረን ያልፋል። አልለቀቋትም።

ሲሰናበቱን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ባሏ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«እኔም ስለ ባሌ ሳወራ ፊቴ እንደዚያ ይሆናል።»

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳላዞር ቀረሁ። «እማዬ... ለምንድነው ለኔ ያልነገርሽኝ?»

ደንግጣ ዞረች። «ሰማሽ እንዴ?» የጎደሬውን ፌስታል ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አጠገቡ ሆኜ መሞቱን ያላወቅኩ ሴት ነኝ። ይህን ለልጅ እንዴት ብዬ ልንገር? ያቺ ሴትዮ ግን ቋንቋዬ አይገባትም፤ ቀለለኝ።»

«እያወራሽው ባይመልስልሽ እንኳ፣ የሞተው ብቻውን አይደለም። ካንቺ ጋር ነበር።»

አላመነችኝም መሰለኝ፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ አሁን ለኔ» አልኳት። በዚያን ቀን ጠዋት ምን ለብሶ እንደነበር ጀምራ ነገረችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን።

ሁለት ዓመት ዘግይቼ፣ ፌደራል ዌይ ፓርኪንግ ላይ፣ የአባቴን ልቅሶ ደረስኩ።